የአሰፋሽ ቦይ

ሜይ 24፣ 2025
ስቶን ማውንቴን፣ አትላንታ

ለጋሼ እንድርያስ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ፣ ወንዙ፣ ጎረቤትህ ዑመር፣ ልጁ ናዲያ፣ አህያህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እማማ «አንድም ሰው እንዳይቀር» ስላለችኝ ነው። አህያዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ለጠየቅከኝ መልስ፦ አይ፣ አማርኛዬን ማንም አያርምልኝም። የቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከ«ሀ» ይጀምርና «መ» ላይ ሲደርስ ዕረፍት ይሆናል። ስምንት ዓመት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ከ«መ» በኋላ ያለው አማርኛዬ በሙሉ የእማማ ነው፤ ቅር ካለህ እህትህን ጠይቃት።

«አንተ ማለትሽን አሰፋሽ ታውቃለች ወይ?» ላልከው ደግሞ፣ አታውቅም። ስኳሩ ዓይኗን ከጎዳው ወዲህ የምንጻጻፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ሳነብ «አንተ»ውን «እርስዎ» አደርገዋለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ያለኝ ብቸኛ ሥልጣን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እሁድ ኦገስት 24 የአሰፋሽ ቦይ አምስተኛ ዓመት እዚህ ይከበራል። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ንዋይ ናቸው፤ ኮሚቴ ሳይቋቋምለት ዝናብም አይዘንብም ብለው የሚያምኑ ሰው። ታሪኩን አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን እሳቸው እንደሚተርኩት ስማው፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ትንሽ ያድጋል። እህት አሰፋሽ ኪርጊዝ ተራሮች ሥር ስለሚኖረው ወንድሟ ጸለየች። ምእመኑም አብሮ ጸለየ። ወንዙ ጨመረ። አንተ «ዘንድሮም ጨመረ» ብለህ በጻፍክ ቁጥር እዚህ እልልታ ሆነ። ከዚያ ለምስጋና ተብሎ በምእመኑ መዋጮ ለመንደራችሁ ሁለተኛ ቦይ ተቆፈረ፣ አሥራ ሰባት ቤት ዳርና ዳሩ ላይ አፕሪኮት ተከለ፣ መግቢያው ላይ የእማማ ስም ተጻፈ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሼ ወንዙን ሆኜ ጨፍሬያለሁ። ቪዲዮው አለ። እንዳታየው።

አሁን ኮሚቴው አዲስ ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ውሃው በቦዩ ሲሄድ። እማማም በየጠዋቱ ገና መድኃኒቷን ሳትውጥ «ውሃው እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔን እንዴት አደርሽ ብላኝ አታውቅም።

እና፣ ውሃው እንዴት ነው?

ሲና


ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከውሃ መለኪያው ቤት

ይድረስ ለውድ የእህቴ የልጅ ልጅ ሲና፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ደብዳቤያችንን በስልኳ የምታመላልሰው ናዲያ ፈተና ስለነበረባት ከከተማ አልወጣችም፤ ከእኔ ቤት አንስቶ ስልክ እስከሚሠራበት ኮረብታ ደግሞ የሁለት ሰዓት የአህያ መንገድ ነው።

ስለ ወጣትነቴ ለጠየቅሽኝ፣ አዎን፣ እውነት ነው። በ1977 ዓ.ም. ለትምህርት ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝና አሥራ አንድ የፖለቲካ መጽሐፍ ነበር። ሸሚዞቹ የበለጠ ጠቀሙኝ። ውሃ መለካትን ግን የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነው። ሸዋ ሮቢት አጠገብ በነበረው መንደራችን አባታችን የውሃ አባት ነበሩ፤ የመስኖውን ውሃ ለእያንዳንዱ ገበሬ በተራው የሚያካፍሉ። አሰፋሽና እኔ ከኋላቸው እየሮጥን ነው ያደግነው። እዚህም የመንግሥት መለኪያ ጣቢያ ሲዘጋና እኔ ቤቱን ለቅቄ አልሄድም ስል፣ መንደሩ ሙራብ አድርጎ መረጠኝ። ሙራብ ማለት ያው የውሃ አባት ማለት ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የደረስኩት አባቴ የነበሩበት ቦታ ላይ ነው።

የአፕሪኮቱ አበባ ዘንድሮ ቆንጆ ነበር፤ ውርጭ ትንሽ ነካው። አህያዋ ደህና ናት፣ ሰላምታሽን ነግሬያታለሁ። የአሰፋሽን ዓይን ሐኪሙ ምን አለ? በዝርዝር ጻፊልኝ። ለአቶ ንዋይና ለኮሚቴያቸው አክብሮቴን አቅርቢ።

መብራቱ ሊጠፋ ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃለሁ።

አጎትሽ እንድርያስ


ጁን 14፣ 2025

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጉልበት አለ። ሸሚዝ አለ። ውርጭ አለ። አህያ ሁለት ቦታ ላይ አለች። ውሃ የለም።

«መብራቱ ሊጠፋ ስለሆነ» ትላለህ ደግሞ። አምና «ቤቴ በሶላር ነው፣ እንደናንተ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር አልጨልምም» ብሎ የጎረረብኝ ሰው ማን ነበር?

ስለ ዓይኗ፦ ዶክተሩ የግራው አይመለስም አለ፤ የቀኙ ጥላ ጥላ ያያል። ማሚ ነርስ ስለሆነች በቤታችን መጥፎ ዜና የሚነገረው በእንግሊዝኛ ነው። እማማ እንግሊዝኛ አልችልም እያለች ሁሉንም ትሰማለች። ከዚያ እንዳልሰማች ሆና ሻይ ትጠይቃለች።

አሁን የምነግርህን እንዳትቆጣ። ደብዳቤህን ሳነብላት መጨረሻው ላይ ደረስኩ። «ውሃውስ?» አለችኝ። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እየጠበቀች ነበር። እና እኔ «ውሃው ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል» ብዬ አነበብኩ። ያልጻፍከውን አነበብኩ፣ ያውም በአንተ ድምፅ፣ ሳል ሳል እያልኩ። «ተመስገን» አለችና ሻይዋን ጠጣች።

ስለዚህ አሁን ሁለታችንም ገብተንበታል። እውነቱን ለእኔ ንገረኝ፤ ለእሷ የሚነበበውን እኔ አውቃለሁ።

ሲና


ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲና ልጄ፣

መብራቱ አልጠፋም። ይቅርታ።

ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት አንድ የቤት ሥራ ሥሪልኝ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አቀዝቅዢና በረዶውን በጠዋት አውጥተሽ ፀሐይ ላይ፣ ትንሽ ተዳፋት ቦታ አስቀምጪው። በየሰዓቱ ከሥሩ የሚወርደውን ውሃ በብርጭቆ እየለካሽ ጻፊ። እስኪያልቅ ድረስ አትነሺ።

እኔ የሠራሁት ይህንኑ ነው። የእኔ በረዶ ግን ከቤቴ በላይ ያለው የተራራው የበረዶ ግግር ነው፤ ሥራውም ሠላሳ ዓመት ፈጀ። በየዓመቱ በሐምሌ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንዙ ዳር የተተከለው ዘንግ ላይ ውሃው የደረሰበትን አነባለሁ። በ2008 ሰባ አንድ ሴንቲ ሜትር ነበር። በ2011 ሰባ ዘጠኝ። ቦዩ በተቆፈረበት በ2012 ሰማንያ ስድስት። በ2013 ሰማንያ ስምንት፤ መንደሩ በግ ያረደበት ዓመት። ከዚያ ሰማንያ አምስት። ሰባ ዘጠኝ። አምና ሰባ። የዘንድሮውን ገና አላነበብኩም፤ ዘንጉ በመስኮቴ ይታየኛልና ማንበብ አያስፈልገኝም።

የአሰፋሽ ቦይ አፉ ከዋናው ቦይ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ወንዙ ከሰባ አምስት በታች ሲወርድ አይደርስበትም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደረቅ ነው። አሥራ ሰባቱ ቤቶች ለዛፎቻቸው በአህያና በልጅ ትከሻ ውሃ ያግዛሉ። ለሰላምታሽ የማትመልሰው አህያ እሷ ናት፤ ደክሟታል።

እናንተ እዚያ እልል ስትሉ እኔ አውቅ ነበር። ውሃው የጨመረው በረዶው እያለቀ ስለነበር ነው። ሙቀቱ ሲበረታ መጀመሪያ ብዙ ይሰጣል፣ በረዶው ሲያንስ ደግሞ የሚሰጠው ያጣል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል።

ለምን ዝም አልኩ? አሰፋሽ «ሃይማኖትህን ጥለሃል» ብላ ሃያ ስድስት ዓመት አልጻፈችልኝም ነበር። በ2011 አንድ ደብዳቤ መጣ። «ወንዛችሁ ጨመረ ሲሉ ሰማሁ። ስለ አንተ ስጸልይ ነበር» ይላል። በገዛ እጇ የጻፈችው የመጨረሻው ነው። ምን ብዬ ልመልስ? የፀሐይ ሥራ ነው ልበላት? «አዎን፣ ጨምሯል» አልኳት። ቁጥሩ እውነት ነበር።

ቦዩ ሲመጣ ግን መናገር ነበረብኝ። አሥራ ሰባቱም «ሙራብ፣ እንትከል?» ብለው ደጄ ድረስ መጥተው ጠይቀውኛል። አፕሪኮት የዓመት ነገር አይደለም። «አትትከሉ» ማለት አቃተኝ።

ይህን አታንብቢላት።

እንድርያስ


ጁላይ 6፣ 2025

ጋሼ፣

አላነበብኩላትም። «ረጅም ነው፣ ስለ ሶቭየት ጊዜ ነው» አልኳት። «ይተወው» አለች።

የቤት ሥራው ይኸው። ትናንት ከጠዋቱ ጀምሮ ደጃችን ድራይቭዌይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ብርጭቆ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሦስት ተኩል። እኩለ ቀን አካባቢ አምስት ሆነና እኔም እንደ ጋሽ ንዋይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አራት። ከዚያ ሁለት ተኩል። ሙቀቱ ገና እየጨመረ ነው፣ ስሊፐሬ አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ ነው፣ ውሃው ግን ይቀንሳል። ፀሐዩ እየባሰ ውሃው ቀነሰ። መጨረሻ ላይ ጥፍሬን የምታህል ነገር ቀረች፤ ያኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በባልዲው ክዳን ከፀሐይ ከለልኳት።

አባዬ ኮንየርስ ከሚሠራበት ዌርሃውስ ተመልሶ መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ አገኘኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት እየጠበቅኩ ነው።»

«ሰን ስክሪን ተቀቢ» ብሎኝ ገባ።

ቁጥሮችህን ግራፍ አደረግኳቸውና ዛሬ ከፕሮግራም በኋላ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። ስምህን አላነሳሁም፤ «ከኢንተርኔት ነው» አልኩ። ጋሽ ንዋይ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ መስመር ለምንድን ነው የሚወርደው?»

«ውሃው ስለወረደ።»

ወረቀቱን ገለበጡና አዩት። እውነቴን ነው፣ ገልብጠው አዩት፤ በዚያ በኩል ይወጣል። «በርቺ» አሉኝ። ከኮሚቴው እትዬ ሉሊት ደግሞ «ግራፉ ያምራል፣ ከለሩ ግን ከቲሸርቱ ጋር አይሄድም» አሉ። ምክንያቱም ቲሸርቱ ታትሟል ጋሼ። ሁለት መቶ ሃያ ቲሸርት፣ ከስሞል እስከ ትሪፕል ኤክስ ኤል፣ ደረቱ ላይ «ውሃው ይጨምራል» ይላል። ሳይንስ ከትሪፕል ኤክስ ኤል ጋር አይከራከርም።

ለእማማ ልነግራትም ሄጄ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «እማማ፣ ስለ ውሃው...» ስል «ወንድሜን መልሶ ያመጣልኝ ውሃ ነው» አለች። እና እኔ «ሻይ ልሥራልሽ?» አልኩ። አንተም እሷም እንደ ራሳችሁ አደረጋችሁኝ።

አንድ ሐሳብ ግን አለኝ። ለቪዲዮው ያህል ቦዩን ብትሞላውስ? አሥር ደቂቃ። ታነሳለህ፣ ትዘጋዋለህ። ማንም አይጎዳም፣ ሁሉም ሰው ቲሸርቱን ለብሶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ሲና


ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲና፣

በረዶዋን በክዳን መከለልሽን ሳነብ የመለኪያ መዝገቤን ዘግቼ ወጣሁ። እኔም በተራራው በረዶ ላይ ይህንኑ አድርጌያለሁ፤ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ሐሳብሽን ግን አልችልም። «አሥር ደቂቃ» የሚባል ነገር የለም። ውሃ ወደ አሰፋሽ ቦይ እንዲወጣ ዋናውን ቦይ በሳንቃ መዝጋት አለብኝ። ደረቁ መሬት ራሱ ጠጥቶ ሳይጠግብ አያሳልፍም፤ ስሟ የተጻፈበት ጋ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ያልፋል። በታች ያሉት ሃያ ሦስት ቤቶች እያንዳንዳቸው በስምንት ቀን አንዴ፣ ለአራት ሰዓት ብቻ ነው ተራ ያላቸው። የምዘጋው የአንዱን ሰው ተራ ነው። ድንች በዚህ ወር ተራው ካለፈው፣ እስከሚቀጥለው አይጠብቅም።

አንድ ዓመት እናታችን ለጎመኗ ከተራዋ ውጭ ትንሽ ውሃ ለመነች። አባታችን በአካፋ ዘጉባት። ለሁለት ሳምንት በቤታችን ማንም ከማንም አልተነጋገረም። አሰፋሽ ታስታውሳለች።

የዘንድሮው ንባብ ስድሳ አራት ነው።

እንድርያስ


ኦገስት 3፣ 2025

ጋሼ፣

አልዋሸሁህም። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ በናዲያ በኩል የላክሁልህ ማክሰኞ ነው፤ እማማ ሆስፒታል የገባችው ረቡዕ ነው። ስለዚህ በቴክኒክ እውነት ነበር። እንዲህ ዓይነቱን እውነት ከማን እንደተማርኩት አንተ ታውቃለህ።

እግሯ ነው። ስኳሩ። ኦገስት 27 ኦፕራሲዮን አላት። የሚቆረጠው ምን ያህል እንደሆነ ከፍተው ካላዩ አያውቁም፤ ልቧም ስለደከመ ማደንዘዣው ራሱ ያሰጋል። ማሚ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነገረችን። እማማ ሰምታ ስትጨርስ «ሻይ የለም?» አለች።

አሁን ቤት ናት። ኦገስት 24 ለበዓሉ በዊልቸር እንወስዳታለን። ትናንት ማታ ጠራችኝ። «ወደ ቢላዋው ከመግባቴ በፊት ውሃዬን አንዴ ልስማው» አለች። «እኔ እንግዲህ አላየውም። ልስማው ብቻ።»

ከዚህ በላይ የምጽፈው ቀልድ አጣሁ። ሞክሬ ነበር። ስለ ጋሽ ንዋይ አንድ ጀምሬ ሰረዝኩት።

አልጠይቅህም። ግን እየጠየቅኩህ ነው።

ሲና


ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲና፣

ቪዲዮው ከዚህ ጋር ተልኳል። ያነሳችው ናዲያ ናት። አራት ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታይ፣ አይቆረጥ።

ስለ ቀረው አትጠይቂኝ።

አሰፋሽን ሳሚልኝ።

እንድርያስ


ኦገስት 25፣ 2025

ጋሼ፣

ሁሉንም ልንገርህ፣ ከዚያ የእሷን ታነባለህ።

ሁለት መቶ ሃያ ቲሸርት ሞልቶ ነበር። እማማ ትሪፕል ኤክስ ኤል ደርሷት እንደ ድንኳን ለበሰችው። ጋሽ ንዋይ ታሪኩን ተረኩ፤ ዘንድሮ ተራራውም ጨምሯል። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ቪዲዮው ተከፈተ። ድምፁን ታውቀዋለህ አይደል፤ እኛ ጋ ስፒከር የሚገዛው ሰፈሩን ታስቦ ነው። ውሃው ቅጠልና ድርቆሽ እየገፋ ብቅ ሲል ሰዉ ብድግ አለ። ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ደግሞ እልልታው ጣራውን አነሳው። አባዬ አለቀሰ። አባዬን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እማማ አልተነቃነቀችም። «እማማ፣ ውሃሽ!» ስላት እጄን ጨበጠችና «ዝም በይ» አለች። ሰው ሁሉ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል፤ እሷ ራሷን ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነበረች። ማይክ ሲሰጧት «ተባረኩ» ብላ መለሰችው።

መኪና ውስጥ «ወረቀት አለሽ?» አለችኝ።

«ስልክ አለኝ።»

«ወረቀት።»

የበዓሉ ፕሮግራም ጀርባ ላይ ጻፍኩት። አንድም ቃል አልቀየርኩም። ይኸው፦

«እንድርያስ ወንድሜ፣ ቦዬን ሰማሁት። ውሃ የለመደ ቦይ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ይኼኛው ይጠጣል። ሲንጣጣ፣ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከርሞ የደረቀ መሬት ውሃ ሲያገኝ እንደዚያ ይላል፤ እኔና አንተ ከአባባ ኋላ እየሮጥን የሰማነው ነው። ለእኔ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል። አልተቆጣሁህም። ስለ ውሃው ልጅቷ በመንገድ ላይ ነግራኛለች፤ ለካ እሷም ተሸክማው ነበር። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የማን ተራ ነበር?»

ሲና


ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ አሰፋሽ፣

ኦፕራሲዮኑ እንዴት እንደሆነ ናዲያ ነግራኛለች። ከመልሴ በፊት ያንን ስለጠበቅኩ ይቅር በይኝ።

የዑመር ተራ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል።

አልጠየቅኩትም። ጠይቄው እምቢ ቢለኝ መዝጋት አልችልም ነበርና ሳልጠይቅ ዘጋሁት። ሳንቃውን ሳስገባ ከማሳው ቀና ብሎ አየኝ። አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ናዲያ ዳቦ ይዛ መጣች። «አባቴ፣ ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር ብሏል» አለችኝ። ድንቹ ግማሹ ጠወለገ።

ከዚህ የከፋም አለ። ውሃው ቦይሽን ሲሞላ አሥራ ሰባቱም ቤቶች ወጡ። በቪዲዮው የሰማሻቸው ልጆች የእነሱ ናቸው። ውሃው የተመለሰ መስሏቸው ነው። አንዲት አሮጊት ዛፏን ስታናግር ሰማሁ። እንዳልተመለሰ በየበራቸው ዞሬ ነገርኳቸው፣ ከአምስት ዓመት በፊት መናገር የነበረብኝንም ጨምሬ። ሦስት ቤት አገሩን ሊለቅ ከብቶቹን እየሸጠ ነው።

በማግስቱ ሙራብነቱን ለሽማግሌዎቹ መለስኩ። አልተቀበሉኝም። የቀረውን ውሃ የሚያካፍል ሌላ ሰው የለም።

ሲና የተራውን ዝርዝር ስለጠየቀችኝ አብሬ ልኬያለሁ።

ወንድምሽ


ሴፕቴምበር 14፣ 2025

ጋሼ፣

እንኳን አደረሰህ። አዲሱ ዓመት እዚህ በዝናብ ገባ፤ ጎርፉ የጎረቤታችንን የቆሻሻ መጣያ ይዞ ሄደ። ቢቻል ባልዲ ባልዲውን እልክልህ ነበር።

ሁለት ጣት ነው የቀነሱላት። ልቧ ችሏል። ቤት የሚመጡትን ነርሶች በማትችለው እንግሊዝኛ ታዛቸዋለች።

ባለፈው እሁድ በምስክርነት ሰዓት እጇን አወጣች። ጋሽ ንዋይ ፊታቸው በርቶ ማይኩን ራሳቸው አመጡላት። እማማም «የወንድሜ አገር ውሃ የጨመረው በረዶው እያለቀ ነው። አሁን እየደረቀ ነው። ባለፈው ያያችሁት የሌላ ሰው ውሃ ነው» አለች። አንድም እልልታ አልተሰማም። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ከልምድ የተነሣ «አሜን!» አለ። ጋሽ ንዋይ ማይኩን ይዘው ቆሙ፣ ቆሙ፣ ከዚያ «መኪና መንገድ የዘጋ ሰው አለ» ብለው ታርጋ አነበቡ። ልስቅባቸው ፈልጌ ነበር። ያንኑ ታርጋ ሁለቴ ሲያነቡት ግን ተውኩት። በኋላ ፓርኪንግ ላይ መጥተው «ምን እናድርግ ታዲያ?» አሉኝ። እኔን! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። «አላውቅም ጋሽ ንዋይ» አልኩ። «እኔም» አሉና ቲሸርታቸውን በጃኬት ሸፈኑ።

የእማማ ጥያቄ ተቀይሯል። «ውሃው እንዴት ነው?» አትልም። «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ነው የምትለው። ዝርዝርህን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። በየጠዋቱ ሁለት ወይ ሦስት ቤት አነብላታለሁ፣ ስማቸውን ታጣምመዋለች፣ ትጸልያለች። «ጨምርላቸው» አትልም። «ተራቸው ሳይነካ ይድረሳቸው» ትላለች። በዑመር ስም ላይ ትቆያለች።

ዛሬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳነብ በጣቷ ስትቆጥር ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ። ነገ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

«ሃያ ሦስት ነው ያነበብሽው። መንደሩ አርባ ቤት አልነበረም?»

ሻይ ልሥራልሽ ልላት ነበር፣ አላልኩም።

«ተራ የሌላቸውስ?» አለች።

ስለዚህ ጋሼ፣ የአሥራ ሰባቱን ቤቶች ስም ጻፍልን። የሚቀሩትንም፣ ከብት ሸጠው የሚሄዱትንም፣ ዛፏን የምታናግረዋንም ሴትዮ። ቀን አትጻፍበት። ስማቸውን ብቻ። እማማ መድኃኒቷን አልውጥም ብላ እየጠበቀች ነው።

ሲና